ፎርሙ ለምን አይላክም? በጃቫስክሪፕት ስለሚሠሩ የዌብ ፎርሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤች ቲ ኤም ኤልና መጠነኛ ጃቫስክሪፕት እያወቀ ፎርሙ አልላክ ላለው ሰው የተዘጋጀ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

በተኑን ስጫን ምንም አይፈጠርም። ከየት ልጀምር?

ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ መረጃው ከብራውዘሩ ወጥቷል ወይስ እዚያው ቀርቷል? ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12ን ተጭናችሁ ዴቨሎፐር ቱልስን ክፈቱ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ምረጡ፣ ከዚያ የፎርሙን በተን እንደገና ጫኑ። አዲስ መስመር ከታየ መረጃው ወጥቷል ማለት ነው፤ ችግሩ በተላከው ይዘት፣ በሰርቨሩ ወይም መልሱን በሚቀበለው ኮዳችሁ ላይ ነው። ምንም መስመር ካልታየ ግን ሰርቨሩን አትውቀሱ፤ ስህተቱን ገጹ ላይ ፈልጉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ይህን ካጣራችሁ በኋላ ነው የሚጠቅሟችሁ።

ቀጥሎ እዚያው ያለውን «ኮንሶል»ን፣ ስህተቶች የሚጻፉበትን ክፍል፣ ተመልከቱ። አንድ ስክሪፕት መሃል ላይ ስህተት ካጋጠመው ከዚያ በታች ያለው ኮዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ከፎርሙ ጋር የማይገናኝ ስህተት፣ ለምሳሌ የሥዕል ማሳያው ላይ ያለ፣ ፎርሙን ሊያስቆመው ይችላል። ገጹ ሪፍሬሽ ሲያደርግ መስመሮቹ እንዳይጠፉባችሁ በክሮም «ፕሪዘርቭ ሎግ»፣ በፋየርፎክስ ደግሞ «ፐርሲስት ሎግስ» የሚለውን አብሩት። ብዙ ሰው ስህተቱ ብልጭ ብሎ ሲጠፋበት «ኮንሶሉ ላይ ምንም የለም» ብሎ ይደመድማል።

ኮንሶሉ ላይ «ነል» የሚል ስህተት አለ። ፎርሙ ግን ገጹ ላይ ይታየኛል!

«ነል» ማለት የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው። ፎርሙ አሁን ይታያችኋል፤ ስክሪፕቱ በሠራበት ቅጽበት ግን ገና አልነበረም። ብራውዘር ገጹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ስለሚሠራ፣ «ሄድ» ውስጥ ያለ ስክሪፕት ፎርሙን ሲፈልግ አያገኘውም። ስክሪፕቱ በራሱ ፋይል ከሆነ ታጉ ላይ «ዲፈር» ጨምሩ፤ ገጹ ተነቦ እስኪያልቅ ስክሪፕቱን ያቆየዋል። እዚያው ገጹ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ «ዲፈር» አይሠራለትም፤ ወደ «ቦዲ» መጨረሻ አውርዱት። ይህን አድርጋችሁም ካልተስተካከለ የአይዲውን አጻጻፍ አመሳክሩ፤ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ለጃቫስክሪፕት የተለያዩ ናቸው።

በተኑን ስጫን ገጹ ሪፍሬሽ ያደርግና የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ የብራውዘሩ የተለመደ ሥራ ነው። ፎርም ሲላክ ብራውዘሩ መረጃውን ወደ «አክሽን» አድራሻ ወስዶ የመጣለትን ገጽ ይከፍታል፤ «አክሽን» ካልተጻፈ ያንኑ ገጽ መልሶ ይከፍታል። በጃቫስክሪፕት ራሳችሁ የምትልኩ ከሆነ የ«ሰብሚት» ኢቨንቱን ተቀብላችሁ ይህን የተለመደ ሥራ የሚያስቀረውን «ፕሪቨንት ዲፎልት»ን መጥራት አለባችሁ። የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር አድርጉት። ወደ ታች ካወረዳችሁት ከሱ በላይ ያለ ማንኛውም ስህተት እዚያ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ኮዱን መልስ እስኪመጣ ከሚያስጠብቀው ከ«አዌይት» በኋላ ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ አይጠቅምም፤ ብራውዘሩ እናንተን ሳይጠብቅ ፎርሙን ልኮታል።

ገጹ ሪፍሬሽ ሲያደርግ የአድራሻ መስመሩን እዩ። ከጥያቄ ምልክት ቀጥሎ የጻፋችሁት መረጃ ከተደረደረ ፎርሙ የተላከው በ«ጌት» ነው፤ «ሜተድ» ያልተጻፈለት ፎርም ሁልጊዜ በ«ጌት» ነው የሚላከው። የይለፍ ቃል ያለበት ፎርም በዚህ መንገድ ከተላከ ቃሉ በብራውዘሩ ታሪክና በሰርቨሩ መዝገብ ላይ በግልጽ ይቀመጣል። ስለዚህ የምትልኩት በጃቫስክሪፕት ቢሆንም እንኳ ፎርሙ ላይ «ሜተድ» «ፖስት» ብላችሁ ጻፉ። ስክሪፕቱ ሳይጫን የቀረ ቀን የሰዎችን ሚስጥር የሚጠብቀው ይህ ነው።

«ተጨማሪ ሰው ጨምር» የሚለው በተን ፎርሙን ለምን ይልከዋል?

በፎርም ውስጥ ያለ «ታይፕ» ያልተጻፈበት በተን ሁሉ የመላኪያ በተን ስለሆነ ነው። ለሌላ ሥራ ባስቀመጣችሁት በተን ላይ «ታይፕ» «በተን» ብላችሁ ጻፉ።

በተኑ ላይ «ክሊክ»ን ልጠብቅ ወይስ ፎርሙ ላይ «ሰብሚት»ን?

«ሰብሚት»ን። «ክሊክ» የሚመጣው ብራውዘሩ ሳጥኖቹን ከማጣራቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ «ሪኳየርድ» (የግድ የሚሞላ) የተባለው ሳጥን ባዶ ሆኖም ኮዳችሁ መረጃውን ይልካል። «ሰብሚት» ግን ማጣሪያው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው የሚመጣው። ሌላም ምክንያት አለ፦ በተኑን «ታይፕ በተን» አድርጎ «ክሊክ»ን የሚጠብቅ ፎርም ላይ ኢንተር የሚጫን ሰው ምንም መልስ አያገኝም፤ ወይም ፎርሙ አንድ ሳጥን ብቻ ካለው ኮዳችሁን ሳይነካ ይላካል። በስልክ የሚሞላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የመላኪያ ቁልፍ ነው የሚጫነው።

ፎርሙ ይላካል፤ አንዳንድ ሳጥኖች ግን ሰርቨሩ ጋ አይደርሱም።

መጀመሪያ «ኔም» መኖሩን እዩ። ብራውዘር መረጃ የሚልከው በ«ኔም» ነው፤ «አይዲ» ብቻ ያለው ሳጥን አይላክም። ቀጥሎ «ዲሰብልድ» መሆኑን እዩ፤ «ዲሰብልድ» የሆነ ሳጥን ገጹ ላይ ቢታይም አይላክም። ተጠቃሚው እንዳይቀይረው ብቻ ከፈለጋችሁ «ሪድኦንሊ» አድርጉት፤ ያ ይላካል። ያልተመረጠ ቼክቦክስ ደግሞ ከነስሙ ይቀራል። ሰርቨራችሁ «አይደለም» የሚል መልስ ከጠበቀ አያገኝም፤ አለመምጣቱን እንደ «አይደለም» መቁጠር አለበት።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ችግሩ ከቀጠለ አንድ ፎርም ሌላ ፎርም ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ፈትሹ። ኤች ቲ ኤም ኤል ይህን አይፈቅድም፦ ብራውዘሩ የውስጡን ፎርም መክፈቻ ይጥለዋል፣ የውስጡ መዝጊያ ግን የውጪውን ፎርም ይዘጋዋል። ከዚያ በታች ያሉት ሳጥኖች ፎርም አልባ ሆነው ይቀራሉ፤ ገጹ ላይ ግን ምንም ልዩነት አይታይም።

ከጃቫስክሪፕት «ሰብሚት»ን ስጠራ ማጣሪያው ይዘለላል፤ አንዳንዴም «ፈንክሽን አይደለም» ይለኛል።

«ሰብሚት» የሚለው ሜተድ በቀጥታ ሲጠራ ሳጥኖቹን አያጣራም፣ የ«ሰብሚት» ኢቨንትንም አያስነሳም። ሁለቱም እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ «ሪኩዌስት ሰብሚት»ን ጥሩ። ክሮምና ፋየርፎክስ ካወቁት ቆይተዋል፤ ሳፋሪ ግን የያዘው ከ2022 ጀምሮ፣ በ16ኛው ቨርዥን ነው። አሮጌ አይፎን የያዙ ተጠቃሚዎች ካሏችሁ ይህን አስቡበት።

«ፈንክሽን አይደለም» የሚለው ስህተት የሚመጣው ደግሞ በተናችሁን «ሰብሚት» ብላችሁ ስትሰይሙት ነው። ፎርም በውስጡ ያሉትን ነገሮች በ«ኔም» ወይም በ«አይዲ» ስለሚጠራቸው የበተኑ ስም የሜተዱን ቦታ ይወስዳል። የበተኑን ስም ቀይሩ።

ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል፣ የስህተት መልእክትም የለም፣ ግን አይላክም።

የተደበቀ የግዴታ ሳጥን መኖር አለመኖሩን ፈትሹ። በየደረጃው በሚከፈቱ ረጃጅም ፎርሞች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ተጠቃሚው «ያላገባ» ሲል የትዳር ጓደኛ ስም የሚጠይቀው ክፍል ይሰወራል፣ «ሪኳየርድ» ግን እዚያው ይቀራል። ብራውዘሩ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ መላኩን ይከለክላል፤ የት እንዳለ እንዳያሳይ ደግሞ ሳጥኑ አይታይም። ክሮም ኮንሶሉ ላይ ፎከስ ሊደረግበት የማይችል የተሳሳተ ሳጥን እንዳለ ይጽፋል፤ ተጠቃሚው ግን ኮንሶል አይከፍትም። ክፍሉን ስትሰውሩ ሳጥኖቹን «ዲሰብልድ» አድርጓቸው፤ ከማጣሪያውም ከመላኩም ይወጣሉ። «ፊልድሴት» ውስጥ ካስገባችኋቸው ደግሞ እሱን ብቻ «ዲሰብልድ» ማድረግ ለሁሉም ይበቃል።

ሌላው ምክንያት «ሴት ከስተም ቫሊዲቲ» ነው። በዚህ የሰጣችሁት የስህተት መልእክት በራሱ አይጠፋም። ተጠቃሚው ሳጥኑን ባረመ ቁጥር ባዶ ጽሑፍ ሰጥታችሁ ካላነሳችሁት ትክክለኛውን ቢጽፍም ፎርሙ እንደተቆለፈ ይቀራል።

በመደመር ምልክት የሚጀምር ስልክ ቁጥር ተበላሽቶ ይደርሳል። 09ኙም ዜሮውን ያጣል።

+251 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ መደመሩ ባዶ ቦታ ከሆነ፣ መረጃውን ጽሑፍ ከጽሑፍ እየቀጠላችሁ በእጅ ሠርታችሁታል ማለት ነው። ፎርም በሚላክበት አጻጻፍ የመደመር ምልክት ባዶ ቦታን ይወክላል። ብራውዘሩ ራሱ ሲልክ ምልክቱን ቀይሮ ይልከዋል፤ እናንተም በእጅ መቀጠሉን ትታችሁ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ»ን ወይም «ፎርም ዳታ»ን ተጠቀሙ።

የዜሮው መጥፋት ከ«ታይፕ ነምበር» ጋር ይያያዛል። ስልክ ቁጥር ስሙ ቁጥር ይሁን እንጂ አይደመርም አይቀነስም፤ ወደ ቁጥር ሲቀየር የፊት ዜሮው ይጠፋል። «ነምበር» የሆነ ሳጥን የፊት መደመርን እንደ ስህተት ስለሚቆጥር በ+251 የጻፈው ሰው ዋጋ ባዶ ሆኖ ይመጣል። «ታይፕ ቴል» አድርጉት፤ ስልክ ላይ የቁጥር ኪቦርድ ያወጣል፣ የተጻፈውንም አይነካም። ማጣሪያ ስትጽፉ ደግሞ 07ን አትርሱ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት ከጀመረ በኋላ 09ን ብቻ የሚቀበል ፎርም በ07 የሚጀምር ቁጥር ያላቸውን ሰዎች በሙሉ በር ላይ ይመልሳል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የሚሞላው ፎርም ከሆነም የሌላ አገር ኮድ ተቀበሉ።

በአማርኛ የተጻፈ ስም ፎርሙ አይቀበለውም፤ ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል።

ይህን ጥያቄ በአገራችን ፎርም የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል፤ ሰው ስሙን በገዛ ፊደሉ ጽፎ «ስምዎ የተሳሳተ ነው» መባል የለበትም። አለመቀበሉ ብዙ ጊዜ ከ«ፓተርን» ይመጣል፦ ከላቲን ኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚል ማጣሪያ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ይገባል። «ፓተርን» የዩኒኮድን የፊደል ምድብ ያውቃል፤ ማንኛውንም ፊደል፣ ባዶ ቦታንና የስም ምልክቶችን የሚፈቅድ አድርጋችሁ ጻፉት። ሁለተኛው ወጥመድ «ሚን ሌንግዝ» ነው። በላቲን ሣራ አራት ፊደል ናት፣ በእኛ ሁለት፤ ጫላም በእኛ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስት ፊደል ይሁን የሚል ፎርም ሁለቱንም አይመዘግብም።

የጥያቄ ምልክት የሚሆነው በአብዛኛው ከብራውዘሩ ከወጣ በኋላ ነው። ኔትወርክ ክፍሉ ውስጥ «ፔይሎድ»ን ክፈቱ፤ ስሙ እዚያ በትክክል ከታየ ዳታቤዙ የላቲን ፊደል ብቻ በሚይዝ አሠራር የተሠራ ነውና የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ወደሚይዘው ወደ ዩቲኤፍ 8 ይቀየር።

አንድ የማይጠረጠር ነገር ልጨምር። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ መስመር ላይ ሲጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። 1000 ፊደል ያለው አቤቱታ በ«ጌት» ከተላከ ወደ 9000 ምልክት ያድጋል፣ አፓቼ ሰርቨር ግን ካልተቀየረ በስተቀር ለዚያ መስመር ከ8190 ባይት በላይ አይቀበልም። በእንግሊዝኛ ሲሞከር የሠራው ፎርም በአማርኛ 414 የሚል ስህተት የሚመልሰው ለዚህ ነው። «ፖስት» አድርጉት።

የልደት ቀኑ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ከቀን፣ ከወርና ከዓመት የሠራችሁት «ዴት» በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል፤ «ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ» ሲቀይረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ያለፈው ቀን 21፡00 ይሆንና ቀኑ ይቀንሳል። አዲስ አበባ፣ ሪያድና ቴል አቪቭ ያለ ተጠቃሚ ችግሩ ያጋጥመዋል፤ ዋሽንግተን ያለው አያጋጥመውም። የልደት ቀን ሰዓት የለውም፤ ከሳጥኑ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሳትቀይሩ እንዳለ ላኩት። «ታይፕ ዴት» የሚልከው ሁልጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑንም ከሳጥኑ አጠገብ ግለጹ፤ አለበለዚያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል።

ፋይል ያለበት ፎርም በ«ፌች» (በጃቫስክሪፕት መላኪያው ፈንክሽን) ስልክ ሰርቨሩ ባዶ ነው ይላል።

«ኮንቴንት ታይፕ»ን በእጃችሁ ጽፋችሁ ከሆነ አጥፉት። ፋይልና ጽሑፍ አብረው ሲላኩ ብራውዘሩ በመካከላቸው መለያ ያደርግና መለያውን በዚያው ሄደር ላይ ያስታውቃል፤ እናንተ ስትጽፉት መለያው ይቀራል፣ ሰርቨሩም የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። «ፎርም ዳታ»ውን ብቻ ስጡት። «ፎርም ዳታ»ን በቀጥታ ወደ ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ መልክ ወደሚላክበት አጻጻፍ) መቀየርም አይሠራም፤ ባዶ ቅንፍ ነው የሚወጣው። 413 ከመጣላችሁ ፋይሉ ከተፈቀደው በላይ ነው፦ ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሰርቨር ካልተቀየረ የሚፈቅደው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በስልክ የተነሳ የመታወቂያ ፎቶ ከዚያ በቀላሉ ይበልጣል።

«ፌች» ምንም ስህተት አላሳየም፤ መረጃው ግን አልተመዘገበም።

«ፌች» ስህተት ወደሚያዝበት ወደ «ካች» የሚሄደው በዋናነት ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ብሎ ቢመልስ፣ መልስ መጥቷልና ለሱ ተሳክቷል። «ኦኬ» የሚለውን ዋጋ ሳትፈትሹ «ተመዝግበዋል» የሚል መልእክት አታሳዩ። ላልተመዘገበ ሰው ተመዝግበሃል ማለት ከስህተት መልእክት የከፋ ጉዳት አለው፤ ሰውየው የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ነው የሚያውቀው።

ቁጥሩ ብዙ ይነግራችኋል። 422 ከሆነ ሰርቨሩ መረጃውን አጣርቶ አልተቀበለውም፤ መልሱን አንብባችሁ ለተጠቃሚው አሳዩ። ሰርቨሩ በጃንጎ ተሠርቶ 403፣ በላራቬል ተሠርቶ 419 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደኅንነት ቶክኑ (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ሚስጥራዊ ኮድ) አልተላከም ወይም ገጹ ረጅም ሰዓት ተከፍቶ ጊዜው አልፎበታል።

በፖስትማን ይሠራል፣ በብራውዘር ግን «ኮርስ» የሚል ስህተት ያመጣል።

«ኮርስ» አንድ ገጽ በሌላ አድራሻ ካለ ሰርቨር ጋር እንዲነጋገር የሚፈቀድበት ደንብ ነው። ክልከላውን የሚያስፈጽመው ብራውዘሩ ነው፤ ሰርቨርን ያለ ብራውዘር መሞከሪያ የሆነው ፖስትማን አያውቀውም። ገጻችሁና ሰርቨሩ በፕሮቶኮል፣ በስም ወይም በፖርት ከተለያዩ ብራውዘሩ የሰርቨሩን ፈቃድ ይጠይቃል። ጄሰን ስትልኩ ደግሞ ከዋናው በፊት «ኦፕሽንስ» የሚባል ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ ለሱ ካልመለሰ ዋናው አይሄድም። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ የገጻችሁን አድራሻ መፍቀድ ነው። «ሞድ»ን «ኖ ኮርስ» ማድረግ ቀዩን መስመር ያጠፋዋል እንጂ ምንም አይፈታም፤ መልሱን ማንበብ አትችሉም፣ ጄሰንነቱም ሄደሩ ላይ አይጻፍም።

ኔትወርኩ ሲዘገይ ሰዎች ደጋግመው ይጫኑና አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይመዘገባል።

በተኑን «ሰብሚት» ኢቨንቱ ውስጥ «ዲሰብልድ» አድርጉና «በመላክ ላይ» የሚል ጽሑፍ አሳዩ። «ክሊክ» ላይ አታድርጉት፤ በተኑ ከመላኩ በፊት ስለሚዘጋ ፎርሙ ጭራሽ ላይላክ ይችላል። መልስ መጣም አልመጣም በተኑ ተመልሶ እንዲከፈት ያንን መስመር «ፋይናሊ» ውስጥ አስቀምጡ።

ይህ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚፈታው። የሞባይል ዳታ መሃል ላይ ሲቋረጥ ተጠቃሚው «አልተላከም» የሚል ያያል፣ መረጃው ግን ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የጠፋው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደገና ሲልክ ሁለተኛ ይመዘገባል፤ ክፍያ ከሆነ ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ ፎርሙ ሲከፈት አንድ የማይደገም መለያ ፍጠሩና ከመረጃው ጋር ላኩት፤ ዳታቤዙ ያንን መለያ ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል አድርጉ፤ ሰርቨሩም ድጋሚ ሲመጣለት የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። ለመለያው «ክሪፕቶ» ውስጥ ያለው «ራንደም ዩዩአይዲ» ይበቃል። የሚሠራው ግን በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት ብቻ ነው፤ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ያለ ኤስ በተከፈተ ገጽ ላይ ኮዱን ሊያቆመው ይችላል።

በጃቫስክሪፕት የማትልኩ ከሆነ ሰርቨሩ ከመዘገበ በኋላ 303 መልሶ ወደ ሌላ ገጽ ይምራ፤ ተጠቃሚው ሪፍሬሽ ቢያደርግ ፎርሙ አይደገምም። የተጻፈው እንዳይጠፋም በ«ሴሽን ስቶሬጅ» ረቂቁን አስቀምጡለት፤ የይለፍ ቃልና የባንክ መረጃ ግን አይግባበት፣ ብዙ ሰው የሚሞላው በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ነው። ተጠቃሚው በ«ባክ» ሲመለስ በተኑ እንደተዘጋ ካገኘው ብራውዘሩ ገጹን ከማስታወሻው አውጥቶ ስላሳየው ነው፤ «ፔጅሾው» ኢቨንት ላይ በተኑን መልሳችሁ ክፈቱት።